ስለ ሕፃናት መምህራን ጕብኝት

የማናቸውም ሥራ ዕውቀት ወደ ሰው የሚደርሰው በሁለት በር ነው፤ አንደኛው ጆሮ፣ ሁለተኛው ዓይን ነው። ሸማኔ ለልጁ ሥራውን የሚያወርሰው ስለ መወርወሪያ በመናገር ሳይሆን ከጕድጓዱ አጠገብ አስቀምጦ እጁን እንዲያይ በማድረግ ነው። አንጥረኛውም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ ግንበኛውም እንዲሁ ያደርጋሉ። ዲያቆን እንኳ የቅዳሴን ሥርዓት መጽሐፉን በማንበብ ብቻ አይፈጽመውም፤ ከመቅደስ ገብቶ የካህኑን እጅና የሕዝቡን ተሰጥዎ እየተመለከተ ያጠናዋል እንጂ። ይህ ሁሉ የታወቀ ሲሆን፣ ከሥራ ሁሉ ረቂቅ የሆነውን የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃን የማስተማር ሥራ ግን በኢትዮጵያ ብዙዎቹ መምህራን በጆሯቸው ብቻ ተቀብለውት ይገኛሉ። በዓይናቸው አይተው የሚከተሉት ምሳሌ ሳይሰጣቸው ሥራውን እንዲሠሩት ይጠየቃሉ። የላሊበላና የላስታ ደጋ ትምህርት ቤቶች ሁኔታ ይህን ነገር አጕልቶ ያሳያል።

በመንግሥት በኩል ለሕፃናት ትምህርት የተሰጠው ስፍራ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከፍ እያለ መምጣቱ አይካድም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አፀደ ሕፃናትን ያወሳ ቢሆንም፣ ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለማኅበራት ስለ ተተወ ከከተማ እምብዛም ሳይወጣ ቆየ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ግን በሩን ለገጠሩም ሕፃን ከፈተው። በዚህ ማዕቀፍ መሠረት ከአፀደ ሕፃናት ሌላ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ዜሮ ክፍል ተቋቋመ፤ ታላላቅ ተማሪዎችም ታናናሾቻቸውን በጨዋታ የሚያስተምሩበት ልጅ ለልጅ የሚባለው ዘዴ ታወቀ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከትምህርቱ እርከኖች አንዱ አድርጎ አቆመው።

በእነዚህ ሰነዶች ሁሉ ሕፃኑን ማእከል ያደረገ ትምህርት ተደጋግሞ ይጠቀሳል። ይህም ለሕፃኑ ፈቃድ ሁሉ መገዛት ማለት አይደለም። ሕፃን በመንካት፣ በመጠየቅ፣ በመጫወትና ከባልንጀራው ጋራ በመነጋገር የሚማር መሆኑን ተረድቶ፣ ትምህርቱን በዚሁ በጠባዩ ልክ ማሰናዳት ማለት ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በወረቀት የሰፈረው ቃል ከክፍል ውስጥ ሥራ ሆኖ ለመገኘት ረጅም መንገድ ይቀረዋል።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ከበላይዋ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በዚህ ደጋ ያሉት ቀበሌዎች በገደልና በሸለቆ የተለያዩ ናቸው፤ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙ ጊዜ በእግር መጓዝ ያስፈልጋል። በገጠሩ ትምህርት ቤት የዜሮ ክፍል ማለት በአብዛኛው አንድ ክፍልና አንዲት መምህርት ወይም አመቻች ነው። ሕፃናቱ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ፊደሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ መምህርቷ ትላለች፣ ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ ይከተላሉ። መምህርቷ እንዲህ ማድረጓ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ እርሷ ራሷ በልጅነቷ የተማረችው በዚህ ዓይነት ስለ ሆነና ሌላ ዓይነት ክፍል ስላላየች ነው።

በዚህ ላይ የጦርነቱ ጉዳት ተጨመረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ላስታ ደርሶ፣ ላሊበላ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆየች። በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ፈረሱም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው የትጥቅ ግጭት ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አራቀ። ከውጭ አገር የሚመጣው ጐብኚ በመቅረቱም በዚሁ ገቢ ይኖር የነበረው የላሊበላ ቤተሰብ ተቸገረ። ከጐልማሳ የተወሰደ ዓመት በብዙ ድካም ይካሳል፤ የሕፃን አምስተኛውና ስድስተኛው ዓመት ግን ካለፈ አይመለስም። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹ በሚከፈቱበት ስፍራ ሁሉ ለሕፃናቱ የሚቀርበው ትምህርት እንደ ነገሩ የሚደረግ ሊሆን አይገባውም።

መምህራንን ለማብቃት እስከ ዛሬ የተያዘው ልማድ ምን ይመስላል? አንድ አዲስ ዘዴ በታቀደ ጊዜ በላይ ላሉት ባለሙያዎች ሥልጠና ይሰጣል፤ እነርሱ ለክልሉ፣ ክልሉ ለዞኑ፣ ዞኑ ለወረዳው፣ ወረዳው ለትምህርት ቤቱ እያስተላለፉ ይወርዳሉ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍለው የተሠሩ ሲሆኑ፣ ጥበቡ ሳይጐድል የታችኛው መሠረት እንደ ጣራው አምሮ ተገኝቷል፤ ምክንያቱም የጠራቢው ዓይንና እጅ እስከ ታች ድረስ አብሮ ወርዷል። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ሥልጠና ግን በየደረጃው እየቀጠነ ሄዶ ከመጨረሻዋ መምህርት ዘንድ ሲደርስ ጥቂት ቃላት ብቻ ይቀሩታል። ከዚህም የከፋው ነገር፣ ሕፃናትን በንግግር ብቻ አታስተምሩ የሚለው ምክር ራሱ በረጅም ንግግር የሚሰጥ መሆኑ ነው። ስለ ጨዋታ ሲነገራት ውላ አንድም ጊዜ ጨዋታ የሚመራበትን ክፍል ያላየች መምህርት ወደ ሰሌዳዋና ወደ ጠመኔዋ ብትመለስ ሊፈረድባት አይገባም።

ለዚህ መድኀኒቱ ጕብኝት ነው። መምህራን ሕፃኑን ማእከል አድርጎ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ሄደው፣ ከክፍሉ ጥግ ተቀምጠው፣ የባልንጀራቸውን ሥራ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ይህም ነገር ለላስታ ሰው እንግዳ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በኢትዮጵያ ጸንቶ የኖረው በዚሁ ሥርዓት ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለቅኔ ወደ ዋድላ ወይም ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ፣ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አባ ይሄድ ነበር። አንድ ሊቅ ከአንድ መምህር ብቻ ተምሮ በቃኝ አላለም፤ የራሱን ወንበር ከዘረጋ በኋላም ሌላ ሊቅ መኖሩን በሰማ ጊዜ ተነሥቶ ሄዶ ከእግሩ ሥር መቀመጥን እንደ ውርደት አልቈጠረውም። የዋድላ ቅኔ ቤት ከላስታ ጎረቤት ሆኖ ስሙ በአገሩ ሁሉ የተሰማው፣ የተለያየ አገር ተማሪ መጥቶ አይቶ፣ ሰምቶና ነጥቆ ወደ የአገሩ ስለ ተመለሰ ነው። ስለዚህ የዛሬዎቹ መምህራን እርስ በርሳቸው ይጐብኙ ማለት የአባቶችን መንገድ ለሕፃናት ትምህርት ማዋል ነው።

ደግሞም በየኔታ ቤት ሕፃኑን ማእከል ያደረገው ትምህርት በከፊል ይገኛል። ፊደል የቈጠረው ልጅ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስና ወደ ዳዊት የሚያልፈው ዓመቱ ስለ ተፈጸመ ሳይሆን የያዘውን ስላወቀ ነው። የፈጠነው ዘግይቶ አይጠብቅም፤ የዘገየውም ተጐትቶ አይሄድም። ታላቁ ልጅ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታም እያንዳንዱን ለብቻው ያዳምጡታል። ይህ ዛሬ የዓለም ሊቃውንት የሚያመሰግኑት አሠራር ነው። በአንጻሩ አርጩሜው ሕፃኑን ከፊደሉ ይልቅ ፍርሃትን ሊያስጠናው እንደሚችል፣ ትርጕሙ ያልታወቀ ንባብም የሕፃኑን ጥያቄ ሳይመልስ እንደሚቀር ሊቃውንቱ ራሳቸው አይሰውሩትም። የዜሮ ክፍል መምህርት ወደ የኔታ ቤት ሄዳ እያንዳንዱን ልጅ ማዳመጥን ብትመለከት፣ የኔታም ወደ ዜሮ ክፍሉ መጥተው ያለ አርጩሜ የሚሠራውን ቢያዩ፣ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

የሌላው ዓለም ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1907 ማርያ ሞንቴሶሪ የተባሉት ሐኪም በሮማ ከተማ በድኾች ሰፈር በሳን ሎሬንዞ የሕፃናት ቤት በከፈቱ ጊዜ፣ ዘዴያቸው በዓለም የታወቀው በመጽሐፋቸው ብቻ አይደለም፤ ከብዙ አገር መምህራን መጥተው ሕፃናቱ በራሳቸው ልክ በተሠራ ወንበርና ዕቃ ጸጥ ብለው ሲሠሩ በዓይናቸው ስላዩ ጭምር ነው።

ከጦርነት ለወጣ አገር ግን ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው የሬጆ ኤሚሊያ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣልያን እንደ ተፈጸመ፣ በሬጆ ኤሚሊያ ከተማ አጠገብ ቪላ ቼላ በተባለች መንደር የሚኖሩ ወላጆች፣ የሸሸው ጦር ጥሎት የሄደውን ታንክ፣ ካሚዮኖችና ፈረሶች ሸጠው፣ ከፈረሱት ቤቶች ጡብ እየለቀሙ ለሕፃናት ትምህርት ቤት ሠሩ። ሎሪስ ማላጉዚ የተባለው መምህር ወሬውን ሰምቶ በብስክሌት ሄዶ አየ፤ ያየውም ነገር የሕይወቱ ሥራ ሆነ። ከ1963 ጀምሮ የከተማው ማዘጋጃ ቤት የሕፃናት ትምህርት ቤቶችን እየከፈተ፣ ሁለት ሁለት መምህራን በአንድ ክፍል ሆነው የሕፃናቱን ንግግርና ሥራ እየመዘገቡ የሚያስተምሩበት አሠራር ተመሠረተ። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ መምህራን ይህን ለማየት ወደዚያች ከተማ ይሄዳሉ። የከተማይቱ መምህራን ግን ለጐብኚዎቻቸው ዘወትር የሚያሳስቡት፣ ሥራቸው እንዳለ እንዲቀዳ ሳይሆን እያንዳንዱ በአገሩ ሁኔታ እንዲያስብበት ነው።

ለላስታ ደጋ ይልቁን የሚስማማው ምሳሌ ከኮሎምቢያ ይገኛል። በዚያ አገር ተራራማ ገጠር አንድ መምህር ልዩ ልዩ ክፍሎችን በአንድነት የሚያስተምርባቸው ድኻ ትምህርት ቤቶች ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 ቪኪ ኮልበርትና ባልንጀሮቻቸው አዲስ ትምህርት ቤት የሚባለውን አሠራር ጀመሩ። ልጆቹ በትንንሽ ቡድን ተቀምጠው በየራሳቸው ፍጥነት ይማራሉ። መምህራኑ ደግሞ ሥልጠናቸውን የሚጀምሩት ዘዴው በሚሠራበት ማሳያ ትምህርት ቤት ጕብኝት በማድረግ ነው፤ ከዚያም በኋላ በአቅራቢያ ያሉት በየጊዜው እየተሰበሰቡ ችግራቸውን ይወያያሉ። ሥራው በአንደኛ ደረጃ የተጀመረ ቢሆንም፣ ዘዴው በብዙ ሺህ የገጠር ትምህርት ቤቶች ሊስፋፋ የቻለው መምህሩ እንደ እርሱ ያለ ድኻ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚቻል መሆኑን በዓይኑ ስላየ ነው።

ነገር ግን ጕብኝት ሁሉ ትምህርት እንዳይደለ ባለሥልጣኖች ሊያስተውሉ ይገባል። ሦስት ስሕተቶች ዘወትር ይታያሉ።

አንደኛው ስሕተት ግድግዳውን አይቶ መመለስ ነው። ከላስታ ገጠር የሄደች መምህርት በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ታላቅ ከተማ የሚገኝ፣ ወለሉ ምንጣፍ የለበሰ፣ መጫወቻው በመደርደሪያ የሞላ አፀደ ሕፃናት ብትጐበኝ፣ ብዙ ጊዜ የምትመለሰው በሐዘን ነው፤ ይህ ሁሉ ለእኛ ከየት ይመጣል ብላ። ስለዚህ አስቀድሞ ምን እንደምትመለከት ሊነገራት ያስፈልጋል። መምህሩ ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ለመልሱ ምን ያህል ይታገሣል? ቶሎ የጨረሰው ሕፃን ምን ይሰጠዋል? ያለቀሰው በማን ይባበላል? ሁለቱ በአንድ ዕቃ ቢጣሉ ማን እንዴት ያስታርቃቸዋል? ይህን የተመለከተች መምህርት ያየችውን ያለ ገንዘብ ይዛው ትመለሳለች።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ሕፃን አምስት ባቄላ ቈጥሮ ሰባት ነው ቢል፣ በአንድ ክፍል መምህሩ ተሳስተሃል ብሎ ወደ ሌላው ይሻገራል። በሌላው ክፍል ግን መምህሩ፣ እስቲ እያንዳንዱን በጣትህ እየነካህ ቍጠርልኝ ይለዋል፤ ሕፃኑም ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነት በብር የሚገዛ አይደለም። ባቄላና ሽምብራ፣ ጠጠርና ጭቃ፣ ስንደዶና አክርማ በላስታ ሞልተዋል፤ ተረቱና እንቆቅልሹም በየእሳቱ ዳር አለ።

ሁለተኛው ስሕተት ጕብኝቱን በዓል ማድረግ ነው። እንግዳ ይመጣል በተባለ ጊዜ ክፍሉ ይጌጣል፤ ሕፃናቱ መዝሙር ይለማመዳሉ፤ በዕለቱም ትምህርቱ ቀርቶ አቀባበል ይሆናል። ጐብኚዋ ያየችው ክፍል እርሷ ከሄደች በኋላ የማይኖር ስለ ሆነ አንዳች አልተማረችም። አስተናጋጁ ትምህርት ቤት የዘወትሩን ሥራ፣ ጕድለቱንም ጭምር፣ ሳያፍር ማሳየት አለበት።

ሦስተኛው ስሕተት አበል ነው። የሩቅ ጕዞ አበል ስላለው፣ ከመምህርቷ ይልቅ የቢሮው ሰው ይሄዳል። ሄዶ ሲመለስም ሪፖርቱ ከመዝገብ ቤት ይገባል እንጂ ከክፍል አይደርስም። ስለ ሕፃናት ትምህርት ሊሄድ የሚገባው ከሕፃናት ጋራ የሚውለው ነው።

እነዚህ ስሕተቶች ሁሉ የሚቀነሱት ጕብኝቱ ቅርብ ሲሆን ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በጕድኝት ማእከል ተያይዘው የተደራጁ ስለ ሆነ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። መንገዱ ሰላም በሆነበት ስፍራ፣ በእግር ተሂዶ በዚያው ቀን በሚመለሱበት ርቀት ያሉት ሁለት ትምህርት ቤቶች ቢጣመሩ፣ ዛሬ ይህችኛዋ መምህርት ወደዚያ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያችኛዋ ወደዚህ እየሄዱ ሊማማሩ ይችላሉ። ጸጥታ በሌለበት ግን ማንም መምህር ስለ ጕብኝት ብሎ ሕይወቱን ለአደጋ ሊሰጥ አይገባም፤ በዚያ ጊዜ በአንዱ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያሉት እርስ በርሳቸው ይጐባኙ።

ደካማ ከደካማ ምን ይማራል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፤ ተቃውሞውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ለዚህ መልሱ በየወረዳው ቢያንስ አንድ የዜሮ ክፍል በሚገባ ተደራጅቶ ማሳያ እንዲሆን ማድረግ ነው። ማሳያውም እንደ አካባቢው ትምህርት ቤት ሁሉ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ፣ ሕፃናቱም ከዚያው ከቀበሌው የመጡ መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ጐብኚዋ የእኛ አይደለም ትላለች። የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅን የመሳሰሉ የመምህራን ማሠልጠኛዎችና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ለዚህ ማሳያ ቢደክሙ፣ በአዳራሽ ከሚሰጡት ብዙ ሥልጠና ይልቅ ይህ ፍሬ ያፈራል።

ሌላም እንቅፋት አለ። የዜሮ ክፍል መምህርት አንዲት ብቻ ከሆነች፣ እርሷ ለጕብኝት በሄደችበት ቀን ሕፃናቱ ያለ መምህር ይቀራሉ። ይህን ችግር ርእሰ መምህሩ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል፤ የአንደኛ ክፍሉ መምህር ወይም የላይኛው ክፍል ታላላቅ ተማሪዎች ከአንድ መምህር ጋራ ሆነው ለዚያ ቀን ሕፃናቱን ቢያጫውቱ ዕለቱ በከንቱ አያልፍም። ከጕብኝት የተመለሰችውም መምህርት ብዙ ነገር እንድትለውጥ አትጠየቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በአንድ ቀን ሁሉን ለመለወጥ የሚጀምር ሰው በሳምንቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። አንድ ነገር ትያዝ፤ እርሱን ትሞክር፤ የሆነላትንና ያልሆነላትን ለባልንጀራዋ ትንገር።

እንግዲህ የባለሥልጣኖች ድርሻ የታወቀ ነው። ለመምህራኑ የጕብኝት ቀን በዓመቱ የሥራ ሰሌዳ ውስጥ ማስገባት፣ ከሩቅ ጕዞ ይልቅ ለቅርቡ ገንዘብና ጊዜ መስጠት፣ የጕብኝቱንም ውጤት በሪፖርቱ ውፍረት ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ በተለወጠው ነገር መመዘን ነው።

የካህናት ድርሻም ከዚህ አያንስም። በላስታ የካህን ቃል በወላጅ ዘንድ ይሰማል። ብዙ ወላጆች ልጃቸው በትምህርት ቤት ሲጫወት መዋሉን ሲያዩ ትምህርት የቀረ ይመስላቸዋል፤ ልጁንም ከእረኝነት ለማዋል ይህ በቂ ምክንያት ይሆናቸዋል። የነፍስ አባታቸው ግን ወደ ክፍሉ ገብተው ካዩ በኋላ፣ ይህ ጨዋታ ቍጥርና ቋንቋ መሆኑን ቢያስረዷቸው፣ መምህርቷ በዓመት የማታገኘውን እምነት በአንድ ሰንበት ታገኛለች።

ላስታ በጥንት ዘመን ዓለም የሚደነቅበትን ሥራ በድንጋይ ሠርታ አሳይታለች፤ ያን ሥራ ለማየት ከሩቅ አገር የመጣው ጐብኚ ስፍር ቍጥር የለውም። ዛሬ ደግሞ የላስታ መምህራን ራሳቸው ጐብኚዎች እንዲሆኑ ጊዜው ይጠይቃል፤ የሚሄዱትም ወደ ሩቅ አይደለም፤ ከሸለቆው ማዶ ካለው ትምህርት ቤት በር ነው። ያን በር የሚከፍትላቸው ባለሥልጣንና መንገዱን የሚባርክላቸው ካህን ቢገኙ፣ የአምስት ዓመቱ ሕፃን ጥያቄ ጠይቆ የሚታገሠው መምህር አያጣም።